የእንቁጣጣሹ በግና የጣና ዓሣ

አንባቢ ሆይ፤ የአገው ምድር ሰው በምን ይታወቃል ብለህ ብትጠይቅ፣ የተጠየቀው ሁሉ «በፈረስ ነዋ!» ብሎ ይመልስልሃል። ነገሩም እውነት ነው። በ1932 ዓ.ም. ማኅበር ያቋቋሙት ፈረሰኞቻችን ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ተሰልፈው ሲወጡ ያየ ሰው፣ «ለዚህ ሕዝብ እግር የተሰጠው እርካብ ሊረግጥበት ነው» ሳይል አይቀርም። በዓሣ አጥማጅነት ስሙ የተጠራ አገው ግን ሰምቼ አላውቅም። እኔ ከዚሁ ሕዝብ ተወልጄ፣ በዳንግላ ከተማ የመንግሥት ሥራ ይዤ ስኖር፣ ባንድ ክረምት ልጓሙን ጥዬ መረብ ያዝሁ። የሆነውን ሁሉ እንደሆነው እነግርሃለሁ። ግማሹ ያስቅሃል፤ ግማሹ ግን እኔን እስከ ዛሬ ድረስ አላሳቀኝም።

በመጀመሪያ ከዓሣ ጋር የተዋወቅሁት በልጅነቴ ነው። ከዳንግላ ብዙ ሳይርቅ የሚፈስ ክልቲ የሚባል ወንዝ አለ። ክረምት ሲወጣና ውኃው ሲጠራ፣ እኛ እረኞች ከብቱን ለሜዳው ትተን ወንዝ ዳር እንውላለን። መንጠቋችን የተጣመመ መርፌ ቁልፍ፣ ገመዳችን ከእናቶቻችን የተሰረቀ ክር፣ ማባበያችን የመሬት ትል ነበር። የምንይዛት ዓሣ ከጣት አትበልጥም። እሷኑ በቅጠል ጠቅልለን፣ ፍም ውስጥ ቀብረን፣ ለአምስት እንካፈላታለን። ያን ጊዜ ያቺ ትንሽ ዓሣ ከየት መጣች፣ ወዴት ትሄዳለች ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ወንዙ ለእኛ ሲል የሚያበቅላት ይመስለን ነበር።

ለትምህርት እንጅባራ ስሄድ ደግሞ ዘንገናን አየሁ። ዘንገና እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ጉድጓድ ውስጥ የተኛ፣ ዙሪያው በዛፍ የተከበበ ትንሽ ሐይቅ ነው። በዓለም ላይ ከዚያ የሚበልጥ ውኃ አለ ብሎ የሚነግረኝ ሰው ቢመጣ አላምነውም ነበር። በኋላ እንደተማርሁት፣ ዘንገና ስፋቱ ትንሽ ሆኖ ሳለ ጥልቀቱ ከ160 ሜትር በላይ ይወርዳል። ታላቁ ጣና ግን ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ተንጣልሎ ሳለ፣ በጣም ጥልቅ የሆነው ስፍራ እንኳ ከ14 ሜትር ገደማ አያልፍም። ይህን ቁጥር እባክህ አስታውሰው፤ ኋላ ነፋስ ሲነሣ ትፈልገዋለህ።

ነገሬ የሚጀምረው በ1989 ዓ.ም. ነሐሴ ወር መጨረሻ ላይ ነው። እኔ የሒሳብ ጸሐፊ ነበርሁ። ስለ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ለአንተ ማውራት ለዓሣ ስለ ውኃ እንደ ማውራት ስለሆነ እዘለዋለሁ። እንቁጣጣሽ ሊደርስ ነው፤ እናቴ አባቴ ከሞተ ወዲህ በቤቷ በግ ታርዶ አያውቅም። «ዘንድሮስ እኔ እገዛልሻለሁ» ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬያለሁ። ጎረቤትም ሰምቷል። በኪሴ ግን የበጉን ጅራት የሚገዛ ገንዘብ እንኳ አልነበረም።

በዚህ ጭንቅ ላይ ሳለሁ፣ የባሕር ዳር ተወላጅ የሆነ የሥራ ጓደኛዬ መፍትሔ ይዞ መጣ። አጎቱ የሞተር ጀልባና መረብ አላቸው። «ዓርብን ፈቃድ እንውሰድ፤ ለነዳጁ አርባ አርባ ብር እናዋጣ፤ ከጋሼ ጋር ወደ ግልገል አባይ አፍ እንሂድ። በዚህ ሰሞን ዓሣው እዚያ እንደ ገበያ ሰው ይጋፋል። ዳንግላ አምጥተን ለሆቴል ቤቶች እንሸጣለን» አለኝ። ወረቀት አወጣሁና አሰላሁ። በነፍስ ወከፍ አርባ ዓሣ ብናገኝ፣ አንዱን በሦስት ብር ብንሸጥ፣ መቶ ሃያ ብር! በጉ ዘጠና ቢል፣ የቀረው ለእናቴ የራስ ሻሽ ይሆናል። አንባቢዬ፣ በወረቀት ላይ የከሰረ ነጋዴ አይቼ አላውቅም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ተሳፈርን። ከዳንግላ እስከ ባሕር ዳር ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዱርቤቴን አልፈን ወተት አባይ ስንደርስ መንገዱ ግልገል አባይን በድልድይ ይሻገራል። ወንዙ ከሰከላ ምድር ከግሽ አባይ ተነሥቶ፣ የአገራችንን ገባሮች ሰብስቦ፣ ክልቲንም ጨምሮ፣ ቀይ አፈር እያላመጠ ወደ ጣና ይወርዳል። በመስኮት ቁልቁል አየሁት። «ነገ አፍህ ላይ እንገናኛለን» አልሁት በልቤ፤ ቀልዴ ነበር።

በማግስቱ ገና ጎሕ ሳይቀድ ከባሕር ዳር ተነሣን። ጣናን ከዳር ሆኖ ማየትና በላዩ ላይ መሄድ የተለያየ ነገር ነው። ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር፣ ወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በውስጡም 37 ደሴቶች ይቆጠራሉ። የዘጌን ጫካ፣ ቡናውንና ገዳማቱን በግራ እያየን ካለፍን በኋላ ውኃና ሰማይ ተገጣጠሙ። እኔ ፈረሰኛው ሰውዬ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጄ ጨብጬ እንደ ሕፃን ተቀመጥሁ። ጓደኛዬ ሳቀብኝ። «ፈረስ እኮ ሲደክመው ይቆማል፤ ይኸኛው አይቆምም» አልሁት።

ግልገል አባይ ወደ ሐይቁ ከሚገባበት ስፍራ የደረስነው ቀኑ ከተጋመሰ በኋላ ነው። አንድ ቀን ዕድል ሲሰጥህ ሄደህ እየው። ቀዩ የወንዝ ውኃ ከሐይቁ ውኃ ጋር ቶሎ አይዋሃድም፤ በመካከላቸው እንደ መቀነት የሚታይ ድንበር አለ። ዳርና ዳሩ ደንገል ነው። ያገሬው ሰው ይህንኑ ደንገል አጭዶ፣ አድርቆ፣ ጠፍሮ ታንኳ ያበጅበታል። በተለይ የነገደ ወይጦ ሰዎች በዚህ ሙያ የተካኑ ናቸው። ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ፣ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር አውጥተው ቀና አድርገው ያደርቁታል። እኛም ስንደርስ አንድ ሽማግሌ በእንዲህ ያለች ታንኳ ላይ እግራቸውን አጣምረው፣ አንድ ሲባጎ ይዘው ዓሣ ያጠምዱ ነበር። የጓደኛዬ አጎት ያውቋቸው ኖሮ ሰላምታ ተለዋወጡ። መረቡን ለመጣል እስኪመሽ መጠበቅ ስለነበረብን እኔ ወደ ሽማግሌው ተጠጋሁ።

«አባቴ፣ እኔም ልሞክር?» አልኋቸው።

«ከየት ነህ ልጄ?»

«ከዳንግላ።»

«የፈረስ አገር!» ብለው ሳቁና ከታንኳቸው ጫፍ ላይ ቦታ ሰጡኝ። በመንጠቆው ላይ የሰኩት ትል አልነበረም፤ እንደ ክልቲዎቹ ያለች አንዲት ትንሽ ዓሣ ነበረች። «እዚህ ያለው ነጭ ዓሣ አዳኝ ነው፤ ትል አያታልለውም» አሉኝ።

ነጭ ዓሣ የሚባለውን ምናልባት ባሕር ዳር በልተኸው ይሆናል። በጣና ለገበያ የሚቀርቡት በዋናነት ሦስት ናቸው፤ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ቀረሶ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው። አምባዛ ጢም ያለው፣ ቅርፊት የሌለው፣ አንዳንዱ ሰው መልኩን አይቶ የሚሸሸው ነው። ነጭ ዓሣ ግን መልከ ብዙ ነው፤ አፉ ወደ ላይ የተቀለበሰ አለ፣ ከንፈሩ የወፈረ አለ፣ ሰውነቱ እንደ ጦር የረዘመ አለ። ከሁሉም ትልቁ እስከ አንድ ሜትር ይደርሳል።

ከብዙ ጊዜ ዝምታ በኋላ ሲባጎው ከእጄ ሊያመልጥ ምንም አልቀረውም። በሙሉ ኃይሌ ሳብሁት። ሽማግሌው ጮኹብኝ፤ «ተው! ትበጥሰዋለህ! ፈረስ እንዲህ ነው የምትገራው?» ይህች ቃል መዳኛዬ ሆነች። ያልተገራ ፈረስ ሲፈረጥጥ ልጓሙን አጥብቀህ ብትይዝ ወይ አፉን ትቆርጠዋለህ ወይ ትወድቃለህ። እየለቀቅህ፣ እየሰበሰብህ፣ ሲደክም እየሳብህ ነው የሚገራው። እንዲሁ አደረግሁ። ሲሮጥ ለቀቅሁለት፤ ሲቆም ሰበሰብሁት። ታንኳዋ ራሷ ወዲያና ወዲህ እየተጎተተች ዞረች። መዳፌ በሲባጎው ተላጠ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አላውቅም፤ ለእኔ ግን ከጥር 23ቱ ጉግስ ሁሉ የረዘመ ነበር። በመጨረሻ ከታንኳዋ ጎን ብቅ ሲል ሽማግሌው ጉንዳኑ ውስጥ ጣታቸውን አስገብተው አወጡት። ከጣቴ ጫፍ እስከ ትከሻዬ ይደርሳል! ጎኑ እንደ ብር ያበራል። ደስ ብሎኝ ጮኽሁ፤ ጓደኛዬም ከጀልባው ሆኖ እልል አለልኝ።

ሽማግሌው ግን አልሳቁም። የዓሣውን ሆድ በአውራ ጣታቸው ጫን ሲያደርጉት፣ ብጫ እንቁላል እየተንዠቀዠቀ በእጃቸው ላይ ፈሰሰ። ፍሬው የዳጉሳ ያህላል።

«እናት ናት» አሉ። «መንገደኛ ናት። ክረምት ሲሆን ወንዙን ይዛ ወደናንተ አገር ትወጣለች። ጠጠር ያለበት ንጹሕ ውኃ ፈልጋ እዚያ ትወልዳለች። እኔ አንዳንድ እይዛለሁ፤ ድሃ ነኝ፤ እበላለሁ። እናንተ ግን ዛሬ ማታ ደጁን በመረብ ልትዘጉት ነው። ልጄ፣ የዘር እህል አስፈጭቶ የሚበላ ገበሬ አገርህ አለ?»

መልስ አልነበረኝም። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ እውነቱን ልንገርህ። ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር ብዬ ብጽፍ ቀላል ይሆንልኝ ነበር። ነገር ግን ገብቶኛል። የገበሬ ልጅ ነኝና የዘር እህል ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ማታ ጋሼን «ይቅርብን፤ መረቡን ከወንዙ አፍ ራቅ አድርገን እንጣለው» ማለት እችል ነበር። ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትሁ። ሁለት ጊዜም የበጉ ዋጋ አፌን ዘጋው። መረቡ ከዳር እስከ ዳር ተዘረጋ፤ ቡሾቹ በቀዩ ውኃ ላይ እንደ መቁጠሪያ ተደረደሩ። እኛም ዳር ወጥተን እሳት አንድደን ተኛን።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ መረቡን መሳብ ጀመርን። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አላየሁም! በየስንዝሩ ዓሣ ነው። እኔ የሒሳብ ሰው ስለሆንሁ ስንጥል ቆጠርሁ፤ መቶ ሠላሳ አምስት ደረሰ። ሦስት ቦታ ሲከፈል አርባ አምስት፤ ካሰብሁት በአምስት ይበልጣል! ከእኔ ድርሻ ውስጥ በእጄ የያዝኋትን ትልቋን ዓሣ ለይቼ አስቀመጥሁ። ወለሉ በእንቁላል አዳለጠን። ሽማግሌው በሩቁ ታንኳቸውን እየቀዘፉ አለፉ፤ ሰላም ብለውን ሄዱ እንጂ ቃል አልጨመሩም።

ስንመለስ ከዘጌ ወዲያ ማዶ ሳለን ነፋስ ተነሣ። ቅድም አስታውስ ያልሁህን ቁጥር አሁን አምጣው። ሰፊና ጥልቀቱ ትንሽ የሆነ ውኃ ነፋስ ሲመታው አጭርና ደረቅ ማዕበል ቶሎ ቶሎ ያነሣል። ጀልባችን በዓሣ ተጭና ጠርዟ ለውኃው አንድ ክንድ እንኳ አልቀራትም። ጋሼ ሞተሩን ቀንሰው አፍንጫዋን ወደ ማዕበሉ አዞሩና «በጣሳ ቅዱ!» አሉን። ቀዳን። ስንቀዳ ውኃውና እንቁላሉ አብሮ ይወጣ ነበር። በዚያች ሰዓት ያልተሳልሁበት ታቦት አልነበረም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንድ ሰዓት ያህል አንገላቶን ተወን።

ባሕር ዳር ስንደርስ ጓደኛዬ የራሱን ድርሻ እዚያው ለነጋዴ አስረክቦ ከወላጆቹ ጋር ቀረ። «አንተም እዚሁ ሽጥ» አለኝ። በርካሽ ሆነብኝ። የዳንግላው ሦስት ብር በዓይኔ ላይ እየሄደ አርባ አምስቱን ዓሣ በሁለት ማዳበሪያ ከረጢት ሞልቼ፣ በርጥብ ሣር ሸፍኜ፣ አውቶቡሱ ጣራ ላይ አስጫንሁ። በረዶ የሚባል ነገር አላሰብሁም። ዓሣ እኮ ሥጋው ልል ነው፤ ከውኃ ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ ይበላሻል። ይህንን ሳላውቅ የሒሳብ ጸሐፊ ነኝ ማለቴ!

መራዊ ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫውም ፈንድቶ ኖሮ ሊጠገን ሄደ። ሁለት ሰዓት ተኩል ቆምን። የነሐሴ ፀሐይ ደግሞ የዚያን ዕለት ብቻ መውጣት አማራት። እንደገና ስንነሣ ከጣራው ላይ ጠብ፣ ጠብ የሚል ነገር በመስኮት መግባት ጀመረ። ከፊቴ የተቀመጡ፣ ነጭ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ትከሻቸውን ዳሰሱ፤ አሸተቱ፤ ዞር ብለውም አውቶቡሱን ሁሉ በዓይናቸው መረመሩ። «ማነው ሬሳ የጫነው?» አሉ። ተሳፋሪው በሳቅ ፈነዳ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ባልስቅ ይያዝብኝ ነበር። ረዳቱ ግን ሰውን በጣቱ የማሳየት ልማድ ነበረውና አሳየኝ።

እንዲህ በእፍረት ተጨብጬ ሳለሁ ወተት አባይ ድልድይ ላይ ደረስን። ወንዙ ከታች ሞልቶ ይወርዳል። ድንገት የሽማግሌው ቃል መጣብኝ፤ «ወደናንተ አገር ትወጣለች።» እነሆ፣ እየወጣች ነው! ዓሦቹ ሊሄዱ ያሰቡትን መንገድ እኔ በአውቶቡስ አሳፍሬ ወሰድኋቸው፤ ትኬት ቆርጬ፣ በከረጢት አስሬ፣ ሞተው። ማንም አላየኝም እንጂ ያን ጊዜ ፊቴን በጋቢዬ ሸፈንሁ።

ዳንግላ የደረስሁት መሽቶ ነው። የመጀመሪያው ሆቴል ቤት አሥር ገዛኝ። ሁለተኛው አሽትቶ ሰባት ብቻ መረጠ። ሦስተኛው በሩቁ «ውሰድልኝ!» አለኝ። ሒሳቡን ልዝጋልህ፤ አሥራ ሰባት ዓሣ በሦስት ብር ሃምሳ አንድ ብር። የነዳጅ መዋጮ አርባ ብር ሲነሣለት አሥራ አንድ ብር ይተርፋል። ከዚህ የአውቶቡሱ፣ የጭነቱና የምግቡ ሲቀነስ ከራሴ ኪስ ገባሁ። ሃያ ስምንቱን ዓሣ ይዤ ወደ እናቴ ቤት ሄድሁ።

እናቴ አልተቆጣችኝም። ፋኖስ አብርታ፣ ቢላዋ ስላ፣ የሚተርፍ ካለ ልታተርፍ ተቀመጠች። ትልቋን ዓሣ መጀመሪያ አነሣች። ሆዷን ስትቀደው እንቁላሉ እየተገነፈለ ወጣ። ጣባ አመጣች፤ ሞላ። ሌላ አመጣች። ከሁለተኛው ጣባ በኋላ ቢላዋውን አስቀመጠችና ለብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየችው። ኋላ በአገውኛ ተናገረች፤ ባማርኛ ብመልሰው እንዲህ ማለት ነው፤ «ይኸ ሁሉ ልጅ ነበረ?» ስድስት ወልዳ ሁለት ያሳደገች ሴት ናት። እኔ ወደ ደጅ ወጣሁ።

በእንቁጣጣሽ ቀን ዶሮ አረድን። ስለ በጉ አንድም ቀን አላነሣችብኝም።

ከዚያ በኋላ በመሥሪያ ቤት ሥራ ምክንያት ባሕር ዳር በተመላለስሁ ቁጥር ስለ ዓሣው መጠየቅና ማንበብ ጀመርሁ። ሽማግሌው ያሉኝ ሁሉ እውነት ሆኖ አገኘሁት። የጣናን ነጭ ዓሣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ ተጓዥ ነው፤ ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1830ዎቹ ነበር። ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ የሆላንድ ሊቃውንት ናግልከርከና ሲቢንግ በጥልቀት ሲያጠኑት፣ አንድ የሚመስለው ዓሣ በእውነቱ 15 ያህል ልዩ ልዩ ዝርያ ሆኖ ተገኘ። ዝርያዎቹ የተፈጠሩት እዚያው ጣና ውስጥ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያለው ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ ስለዘጋ፣ ከላይ የቀሩት ብቻቸውን ሐይቁን ተከፋፍለው ልዩ ልዩ መልክና ልዩ ልዩ ሙያ ያዙ። ስምንቱ ሌላ ዓሣ አዳኞች ናቸው። የሚያስደንቀው እነዚህ አዳኞች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ያላቸው በጉሮሯቸው ውስጥ ነው። በፊሊፒንስ አገር በላናው ሐይቅ ይኖር የነበረው ተመሳሳይ የዓሣ ጉባኤ ከጠፋ ወዲህ፣ በዓለም ላይ እንዲህ ያለው የቀረው በጣና ብቻ መሆኑን ሊቃውንቱ ይናገራሉ።

ቀረሶ እንቁላሉን እናቲቱ በአፏ ይዛ በሐይቁ ዳር ትፈለፍለዋለች፤ መንገድ አያስፈልጋትም። ከነጭ ዓሣ ግን ብዙዎቹ ዝርያዎች በክረምት ወራት ወደ ወንዞች መውጣት ግድ ይሆንባቸዋል፤ ወደ ግልገል አባይ፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ። ቀስ ብለው ያድጋሉ፤ ለመውለድም ይዘገያሉ። ስለዚህ ለመውጣት በወንዙ አፍ ሲሰበሰቡ መረብ የዘረጋ ሰው፣ የአንድ ቀን ዓሣ ሳይሆን የብዙ ዓመት ዓሣ ይይዛል። የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ በጣና የገባው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው አሥር ዓመት ውስጥ ብቻ፣ በጥናት መረብ የተያዘው ወንዝ ወጪ ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ዓመቶቹን ተመለከትሁ። 1989 በመካከሉ አለ። ጥፋተኛ ተብሎ ስሜ አልተጻፈም፤ እኔ ግን አርባ አምስቱን ቆጥሬ ተረክቤያለሁ።

ከዚያ ወዲህ በ1995 ዓ.ም. ዓሣ ስለሚጠመድበት ሁኔታ የሚደነግግ የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 315 ወጥቷል። በ2004 ዓ.ም. እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ላይ ታየ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ጣና በዩኔስኮ ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች አንዱ ሆኖ ተመዘገበ። አዋጁም መዝገቡም መልካም ነው። ነገር ግን በነሐሴ ሌሊት በወንዙ አፍ ላይ ከመረቡ አጠገብ የሚገኘው አዋጁ ሳይሆን ገንዘብ የቸገረው ሰው ነው። ያ ሰው እኔ ነበርሁና ችግሩን አልንቅበትም። አጥማጁ የሚያጠምደው ገዢ ስላለ ነው። ገዢው ደግሞ አንተ ነህ፤ አንቺም ነሽ እኅቴ፤ ደመወዝ ሲወጣ ባሕር ዳር ወርዳችሁ «የጣና ዓሣ እንብላ» የምትሉት።

ስለዚህ የምመክርህ ብዙ አይደለም። ወደ ጣና ሂድ፤ ሳትሄድ አትቅር። ነገር ግን ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነጭ ዓሣ ሲያቀርቡልህ «ቀረሶ አምጡልኝ» በል። ጣዕሙም አይከፋም። ሆዱ በእንቁላል የተወጠረ ዓሣ በገበያ ብታይ ዋጋ አትጠይቅ፤ የአንድ ሰው አለመግዛት ምንም አይደለም ትል ይሆናል፤ የእኔም አርባ አምስት ዓሣ ምንም አልነበረም። ማጥመድ የፈለግህ እንደሆነም ክረምቱ አልፎ ውኃው ሲጠራ፣ አንድ መንጠቆና አንድ ሲባጎ ይዘህ ውረድ። ደስታው ያለው ከከረጢቱ ውስጥ ሳይሆን ከሲባጎው ጫፍ ነው። ይህንንም ከከረጢት ጋር ሁለት ሰዓት ተኩል መራዊ ላይ የቆመ ሰው ይመስክርልህ።

እናቴ ካረፈች ቆየች። እኔ ግን በየዓመቱ ጥቅምት ሲጠባ ልጆቼን ይዤ ክልቲ ዳር እወርዳለሁ። ውኃው ጠርቶ ጠጠሩ ይታያል። እንደ ጣት ያሉ ትናንሽ ዓሦች ሆነው፣ ጭራቸውን እያርገበገቡ፣ ፊታቸውን ወደ ወንዙ ምንጭ አዙረው ይቆማሉ። ልጆቼ መርፌ ቁልፍ አጣመው ሊያጠምዱ ሲሉ አልከለክላቸውም፤ እኔም በልጅነቴ አጥምጃለሁ። «ሁለት ብቻ» እላቸዋለሁ። ከዚያ ሳሩ ላይ ተቀምጬ የቀሩትን እቆጥራለሁ። የሒሳብ ሰው ነኝና እስካሁን ቆጥሬ አልጨረስሁም።